«ዝምታም ወገን ነው» ያለው ሰው

እንድሪስ ይማም ወሬ ማሳጠር የማይሆንለት ሰው ነበር። ጠዋት ከአያት ኮንዶሚኒየም በሠራተኞች ሰርቪስ ተሳፍሮ የጀመረው ነገር ሲኤምሲን አልፎ፣ ጉርድ ሾላን አልፎ፣ መገናኛ ሲደርስ ገና መግቢያው ነው። «ይኼ እንዳለ ሆኖ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ግን ደግሞ በዚያ በኩል ስታየው» ይላል። አውቶቡሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት በር ላይ ሲቆም ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ማታ ሲመለሱ ከቆመበት ይቀጥላል። ሚስቱ ሰኪና «እንድሪስ የሠርግ ጥሪ ቢጽፍ፣ እድምተኛው አንብቦ የሚጨርሰው ሙሽሮቹ ከወለዱ በኋላ ነው» እያለች ታሾፍበታለች።

የዚህን ሰው ወሬ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያዳመጠው ግርማይ ነበር።

ግርማይ የትግራይ፣ የእንትጮ ሰው ነው። ወደ ውጭ የሚላክ አበባ የሚቆይበትን ቀዝቃዛ ክፍል የሚጠግን ቴክኒሻን ነበር፤ እንድሪስ ደግሞ እዚያው ጭነት ክፍል ሰነድ ያጣራል። ሁለቱም አያት ይኖራሉ። ሰርቪሱ ላይ ከኋለኛው በር ቀጥሎ ያለው ወንበር የእነሱ እንደሆነ ስለሚታወቅ አዲስ ሠራተኛ እንኳን ደፍሮ አይቀመጥበትም። ግርማይ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቃል ሲመርጥ ብሎን የሚመርጥ የሚመስል ሰው ነው። አባቱ በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ስለነበሩ፣ ልጅ ሆኖ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ያየውን ሕግ ሰርቪሱ ላይ አመጣው።

«መልስ ከመስጠትህ በፊት እኔ ያልኩትን መልሰህ በለው» ይላል። «‹አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት› ካልኩህ በኋላ እንደፈለግክ ተቃወመኝ።»

አንድ ጠዋት የተነሳው የክልልና የቋንቋ ጉዳይ ነበር። እንድሪስ የመርሳ ልጅ ነው፤ ወሎ። «የእናቴን ቤት ውሰድ» አለው። «በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሃይማኖት አለ። አያቴ በኦሮምኛ ትመርቃለች፣ አክስቴ ክርስቲያን አግብታለች፣ አጎቴ ራያ ገብቶ ትግርኛ ተናጋሪ ወልዷል። እስቲ መስመሩን በየትኛው ክፍል ታሰምረዋለህ?»

ግርማይ መገናኛ እስኪደርሱ አሰበ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «ለናንተ ቤት ልክ ነህ። የኔ እናት ግን በወጣትነቷ ፍርድ ቤት ቆማ ዳኛው የተናገረውን አንድ ቃል ሳትሰማ ተፈርዶባት ወጥታለች። ለእሷ በቋንቋዋ መዳኘት ፖለቲካ አይደለም። ሰው መሆን ነው። በል፣ አሁን ያልኩትን መልሰህ በለው።»

እንድሪስ ሞከረ። ግርማይ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ሞከረ። ሦስተኛው ላይ፣ የግርማይ እናት ችሎት ቆመው የዳኛውን ከንፈር ሲያዩ ለእንድሪስ በዓይነ ኅሊናው ታዩት፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «አዎ» አለ ግርማይ፤ «እሱን ነው ያልኩት።» ከዚያ በኋላ እንድሪስ መቃወሙን ቀጠለ፤ አቋሙን አልለወጠም። ግን የሚቃወመው ነገር ክብደት ኖሮት ነበር።

ምሳ ላይ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሥጋ በሚበላበት ቀን አንዱ የእስላም፣ አንዱ የክርስቲያን ስለሚበላ ሳህናቸው ይለያያል። ረቡዕና ዓርብ ግን ግርማይ ስለሚጾም፣ ሁለቱም በያይነቱ አዝዘው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። እንድሪስ የሌላ ሃይማኖት ጾም የሚናፍቅ ብቸኛው ሙስሊም እኔ ሳልሆን አልቀርም ይል ነበር። በነዚያ ዓመታት ተስማምተው የወረዱበት ቀን እምብዛም አልነበረም። ተኳርፈው የወረዱበት ቀን ደግሞ ከናካቴው አልነበረም።

በ2013 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ተጀመረ። ወደ ትግራይ ስልክ ተቋረጠ፤ የግርማይ እናት ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረው ጠፋ። ግርማይ ሰርቪሱ ላይ መናገር ተወ። እሱ ሲገባ የሌላው ሰው ወሬ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሲቀመጥ ደግሞ አንዳንዱ ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እንድሪስ ከጎኑ አልተነሳም። ስለ ልጆች፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ሊፍቱ መበላሸት እያወራ ከአያት ቦሌ ያደርሰው ነበር። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ስለ ጦርነቱ ረዣዥም ጽሑፍ ይጽፋል፤ «በአንድ በኩል»፣ «በሌላ በኩል» የበዛበት። ሰባት ሰው ይወደዋል። ከሰባቱ ሁለቱ ሰኪናና ልጁ ሸይማ ናቸው።

በነሐሴ ጦርነቱ መርሳ ደረሰ። እናቱና እህቱ ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በጭነት መኪና ተጉዘው ደሴ ገቡ፤ ከዚያም አዲስ አበባ እሱ ቤት መጡ። ታናሽ ወንድሙ ኻሊድ ግን ሱቄን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ። መርሳም ስልኳ ተዘጋ። የኻሊድ ወሬ አሥር ቀን ጠፋ፤ ሃያ ቀን ጠፋ፤ ወር አለፈው።

እንድሪስ ይህንን ለግርማይ አልነገረውም። ለምን እንዳልነገረው ኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል። ምናልባት አፉን ቢከፍት «የናንተ ሰዎች» የሚል ቃል እንዳያመልጠው ፈርቶ ይሆናል። አልነገረውም፤ ግን ለምን አልጠየቀኝም ብሎ ቂም መያዝ ጀመረ። እንዳልነገረው ረሳው። ግርማይ መስኮቱን እያየ ዝም ባለ ቁጥር፣ ያ ዝምታ ለእንድሪስ ሌላ መልክ እየያዘ መጣ።

በመስከረም አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ እናቱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የኻሊድን ስም እየጠሩ አለቀሱ። እንድሪስ ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ። እንደ ልማዱ ረጅም ጽሑፍ ጀመረ። ፍርሃት ስላለበት ዝም የሚል ሰው እንዳለ፣ ሐዘን ስለያዘው ዝም የሚል እንዳለ፣ ደግሞ ልቡ ስለደነደነ ዝም የሚል እንዳለ፣ ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ እንደሚመስሉ ጻፈ። አነበበው፤ ደከመው። ሁሉንም አጠፋና ሦስት ቃል አስቀረ።

«ዝምታም ወገን ነው።»

ሱብሒ ሲነሳ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ወዶታል። አንዱ ከኋላው የሻማ ሥዕል አድርጎበታል፣ አንዱ የባንዲራ። ሰርቪሱ ሲደርስ ሹፌሩ ሳይቀር «እንድሪስ፣ አንጀቴን አራስከው» አለው። ቀርቧቸው የማያውቅ ሠራተኞች ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እንድሪስ በእድሜው እንደዚያ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ደስ አላለኝም ቢል ይዋሻል።

ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ግርማይ ገባ። ወንበራቸው አጠገብ ደርሶ ሳይቀመጥ ቆመ።

«ትናንት የጻፍከው» አለ ቀስ ብሎ፤ «እኔን ነው?»

እንድሪስ አይደለም ሊል ነበር። ደግሞም በከፊል እሱን ነበር። ወንድሜ ጠፍቶብኛል ሊልም ነበር። ይህን ሁሉ ለመናገር ከአያት እስከ መገናኛ ይፈልጋል፤ ሰዉ ግን ፊቱን ወደሱ አዙሮ አሁን እየጠበቀ ነው።

«የሚመለከተው ያውቃል» አለ።

ሰዉ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሰው አንድ ጥሩ አባባል ሲሰማ እንደሚስቀው ያለ ነው። ግርማይ ራሱን በትንሹ ነቀነቀና ከሹፌሩ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ በታክሲ ይመጣ ጀመር። ኅዳር ላይ ከነጭራሹ ከሥራ ቀረ። የት እንደገባ የጠየቀ ሰው የለም፤ እንድሪስም አልጠየቀም።

ኻሊድ በሃምሳ ሦስተኛው ቀን ተገኘ። በገደላገደሉ አቋርጦ ደሴ ወጣና ከዚያ ደወለ። ሱቁ ባዶ ቀርቷል፣ እሱም አጥንቱ ቀርቷል፣ ግን ሕይወቱ አለ። ቤቱ በእልልታና በለቅሶ ተሞላ። እንድሪስ አልሐምዱሊላህ ብሎ፣ ስልኩን አውጥቶ መጀመሪያ የሚደውልለትን ሰው ሲፈልግ ያገኘው ግርማይን ነበር። ጣቱ ስሙ ላይ ቆየ፤ ሳይደውል መልሶ አስቀመጠው። ኅዳር ላይ ደፍሮ ሲደውል ግን ቁጥሩ ጥሪ አይቀበልም።

ከዚህ በኋላ እንድሪስ ታዋቂ ሆነ፤ በሠፈሩና በስልኩ ልክ። ምን እንደሚወደድ አወቀ። ጽሑፉ ውስጥ «ግን» ካለ አንባቢ ይቀንሳል፤ «ምናልባት» ካለ ደግሞ ስድብ ይመጣል። ሸይማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለነበር አስተማሪው እሷ ናት። «አባ፣ ሰው እኮ ከሁለተኛው መስመር በኋላ ስክሮል ነው የሚያደርገው» ትለዋለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ ሺህ ተከታይ አፈራ። ሲኤምሲ ሱፐርማርኬት ውስጥ የማያውቀው ሰው «እንድሪስ ነህ አይደል? በርታ!» ይለዋል። መስጊድ በር ላይ ይጨብጡታል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነው ነበር። በነዚያ ዓመታት ሐሳቡን ያስለወጠው ወይም እንቅልፍ የነሳው አንድ ሰው እንኳን አልገጠመውም። የሚደግፈው ራሱ ያለውን መልሶ ይነግረዋል፤ የሚቃወመው ያላለውን ይሰድበዋል። ሰርቪሱ ላይ ከጎኑ የተቀመጠው አዲስ ልጅ ከአያት ቦሌ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚሄደው። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ በያይነቱ ያዝዛል፤ ግማሹን ይተወዋል። ብቻውን ይበዛበታል።

በ2017 መጀመሪያ ቃልአብ የሚባል ወጣት በቲክቶክ ቀጥታ ክርክር ላይ ጋበዘው። ስቱዲዮው ሲኤምሲ አንድ ቪላ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ሮዝና ሰማያዊ መብራት፣ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ስልክ። ቃልአብ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነስቶ ጨብጦ ውኃ ሰጠው። ቀጥታ ሥርጭቱ ሲጀመር ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ሰዉ እየጠበቀ ነው። የዚያ ሁሉ ጥፋት ተጠያቂ ማነው? በአንድ ቃል።»

«አየህ» አለ እንድሪስ፤ «የመርሳ ሰው የሚመልስልህና...»

«ታይም የለንም ጋሽ እንድሪስ። በአንድ ቃል ይመልሱልን።»

እንድሪስ አንድ ቃል ፈለገ። ኻሊድ ታየው። ባዶ ሱቁ ታየው። ቀጥሎ፣ ሳይጠራቸው፣ ችሎት ቆመው የዳኛውን ከንፈር የሚያዩት ሴት መጡ፤ ይኑሩ አይኑሩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዳልጠየቀ ትዝ አለው። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። የስልኩ መስታወት ላይ የተመልካቹ ጽሑፍ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። አንዱ ጻፈ፤ ሌላው ገለበጠው፤ ከዚያ መቶዎች ተከተሉ፤ ከሚስቅ ምልክት ጋር፦ «ዝምታም ወገን ነው»፣ «ዝምታም ወገን ነው»፣ «ዝምታም ወገን ነው»።

አሥራ አንድ ሰከንድ ዝም ማለቱን ያወቀው በማግስቱ ነው። አሥራ አንዱን ሰከንድ ቆርጠው ሙዚቃ ጨምረውበት በየስልኩ ይዞር ነበር። አንዱ ወገን ከሃዲ አለው፤ ሌላው ወገን ኅሊናው ቆረቆረው አለ። ትናንት ያጨበጨበለት ሰው ዛሬ ሲሰድበው እንድሪስን የገረመው አለመናደዱ ነው። የተሰማው ሌላ ነገር ነበር፤ ግርማይ አውቶቡሱ መሐል ቆሞ ምን እንደተሰማው በትንሹ ቀመሰው።

ሸይማ ተናደደች። «አባ፣ ሪስፖንስ ቪዲዮ እንሥራ! እኔ ኤዲት አደርገዋለሁ። ሙሉ ሐሳብህን በዘጠና ሰከንድ ታስረዳለህ።»

«በዘጠና ሰከንድ አልችልም» አላት።

«ታዲያ ዝም ልትል ነው?»

«እኔ ማናገር የምፈልገው አንድ ሰው ነው።»

ሰኪና ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «ጎሮ ነው ያለው» አለች።

«ማን?»

«ግርማይ ነዋ። አደባባዩን አለፍ ብሎ ፍሪጅ ይጠግናል። ልጃቸው ሉዋም ታጭታለች።»

ሰኪና ከግርማይ ሚስት ከሐረገወይን ጋር አንድም ዓመት ሳይቋረጡ ኖረዋል። በኢድ ያቺ ትደውላለች፤ በፋሲካ ይህቺ። እንድሪስ አፉን ከፍቶ አያት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችና ምስሩን ነፋችው።

ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ ጎሮ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰናዳ ነበር፤ መግቢያ ነበረው፣ ማብራሪያ ነበረው፣ መደምደሚያም ነበረው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ደጇ ላይ በራቸው የተነቀለ ፍሪጆች ተደርድረዋል። ግርማይ ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ኮምፕሬሰር ላይ ጎንበስ ብሏል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል።

«ጋዝ ለመሙላት ነው?» አለ ሳይዞር።

«እንድሪስ ነኝ።»

የግርማይ እጅ ቆመ። ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሰ። «ይቺን ልጨርስ» አለና ብሎኗን አጥብቆ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ይህ እንድሪስን ይበልጥ አስፈራው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አወጣ፤ ከጎረቤት ሻይ አዘዘ።

እንድሪስ ያሰናዳው ንግግር የት ገባ ሳይባል ጠፋ። «በድዬሃለሁ» አለ።

«በምኑ?»

«በጽሑፉ።»

«በጽሑፉ አይደለም» አለ ግርማይ። «ጽሑፉን ያነበብኩት ያኔውኑ ማታ ነው። አንብቤ ለሐረገወይን፣ ‹እንድሪስ ነገር እዚህ ላይ አያቆምም፤ ቀጥሎ የሚለው አለ፤ ነገ ሰርቪስ ላይ ይጨርሰዋል› አልኳት። ጠዋት የጠየቅኩህ ለዚያ ነበር። እንድትጨርስልኝ።»

እንድሪስ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከዚያ በኋላ ተይዤ ነበር» ቀጠለ ግርማይ፤ «ሰባት ሳምንት።»

«በኔ ጽሑፍ ምክንያት?»

«ኧረ ተው!» ግርማይ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «ራስህን ይህን ያህል አታግዝፍ። የጠየቁኝ ስሜን ነው። ያንተን ፌስቡክ ማን አነሳው?»

«እናትህስ?»

«አልፋለች። እኔና አንተ ሰርቪስ ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ አልፋ ነበር። ስልክ ሲከፈት ነው የሰማሁት። የደም ግፊት መድኃኒቷን በየወሩ እየገዛሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ ነበር፤ መንገድ ሲከፈት እልካለሁ ብዬ።» ብርጭቆውን አየ። «ብዙ ተጠራቅሞ ነበር።»

እንድሪስ ነፍስ ይማር አለ። ቆይቶ የራሱን ነገረው። «ያን ሰሞን ኻሊድ ጠፍቶብን ነበር። ሃምሳ ሦስት ቀን።»

ግርማይ ቀና አለ። «ኻሊድ? ያ ከመርሳ ብርቱካን ይዞልን የመጣው?» ፊቱ ተለዋወጠ። «አለ?»

«አለ፤ ደህና ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?» አለ እንድሪስ። ከአፉ ሳይወጣ ሊይዘው ፈልጎ ነበር፤ አልተያዘለትም።

ግርማይ ግን አልተቆጣም። «እውነትህን ነው» አለ። «መርሳ ጦርነት መድረሱን ሰምቻለሁ። ያንተ አገር እንደሆነም አውቃለሁ። ብጠይቅህ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።» ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «ደግሞ እኔም ያን ያህል ዝም አላልኩም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። በሌላ ስም ጽፌያለሁ። ማታ ማታ። ስለ እናንተ ሰዎች።»

«ምን ብለህ?»

«አላሳይህም።»

ከፍሪጆቹ አንዱ በራሱ ተነስቶ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ሁለቱም አዩት። እንድሪስ ግርማይ በዚያ በሌላ ስሙ ምን ጽፎ ይሆን ብሎ አሰበ። ምናልባት በዚያ ዘመን ካበሸቁት ጽሑፎች አንዱ የሱ ነበር። ምናልባት እንድሪስ ራሱ መልሶ ሰድቦታል። ሊጠይቅ ፈለገና ተወው።

«ያንን ጽሑፍ ላጥፋው?» አለ በመጨረሻ።

«አታጥፋው» አለ ግርማይ። «ካጠፋኸው በምን እንደቆሰልኩ ምስክር አይኖረኝም።»

እንደዚህ ሆኖ ተገናኙ። ታረቁ ማለትም ይቻላል፤ ሰኪናና ሐረገወይን በሰበቡ ልጆቹን ሰብስበው አብረው በልተዋል፣ የሉዋም ሠርግ ላይ እንድሪስ ከቤተ ዘመድ ጋር ቆሟል። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሲኤምሲ አዲስ በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ስለ ሸይማ ምርቃት፣ ስለ ኮምፕሬሰር መወደድ፣ ስለ ዝናቡ። ፌስቡኩን እንድሪስ ከፍቶ አያየውም፤ አርባ ሺህ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው እንደሆነ፣ ይበተን እንደሆነ አያውቅም።

ነገር ግን አንድ ነገር አልተመለሰም። አገር ነክ ወሬ ጫፉ ብቅ ሲል ግርማይ «እሱን እንተወው» ይላል፤ በጨዋነት፣ በር እንደሚዘጋ ሰው። አንድ እሑድ እንድሪስ ፈተነው። ያንን የድሮውን፣ የመስመሩንና የእናቱን ቤት ነገር እንደገና አነሳ፤ እንዲያውም ግርማይ ይነሳበታል ብሎ ሆን ብሎ አጋነነው። ጠበቀ። መልሰህ በለው እስኪለው ጓጓ።

ግርማይ ጥቂት እርምጃ ሄዶ፣ «ልክ ልትሆን ትችላለህ» አለ።

እንድሪስ ከተሰደበው ሁሉ ያ ይበልጥ አመመው። ያ ሰው አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን በቀላሉ ልክ ነህ ብሎት አያውቅም። ሰውየው ከጎኑ እየሄደ፣ የጫማው ድምፅ እየተሰማው፣ እንድሪስ ግርማይን ናፈቀ። ቤት ገብቶ ለሰኪና ሲነግራት «የተሰበረ እግር ሲድን ያው እግር ነው፤ ብርድ ሲሆን ግን ያስታውስሃል» አለችው። መጽናኛ ነው ወይስ ተግሣጽ፣ አልለየውም።

በግንቦት ግርማይ የእናቱን መቃብር ሊያይ ወደ መቀሌ፣ ከዚያም ወደ እንትጮ ለመሄድ ተነሳ። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ለዓመታት ነገ ዛሬ ሲል ቆይቷል። እንድሪስ ፈረቃውን ለዋውጦ ቦሌ የአገር ውስጥ መንገደኞች መግቢያ ድረስ ሸኘው። ሻንጣው ትንሽ ናት፤ አብዛኛው የሐረገወይን እሽግ ነው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ግርማይ ቆመ። «እዚያ የሚሉኝን አላውቅም» አለ። «ብዙ ነገር ያሳዩኛል። ያየሁትን ይዤ ስመለስ አንተን ማየት ሊከብደኝ ይችላል። ከአሁኑ ልንገርህ ብዬ ነው።»

«እኔም ስሰማው መልስ ሳልመልስ ማዳመጥ ሊከብደኝ ይችላል» አለ እንድሪስ። «ቢሆንም ንገረኝ።»

ግርማይ ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ከዚያ ትከሻውን በትከሻው ሦስት ጊዜ ገጨውና ገባ። እንድሪስ በመስታወቱ ነጩን ፀጉር ፍተሻው እስኪውጠው ድረስ ቆሞ አየ። ከዚያ በጭነቱ በር በኩል ወደ ሥራው ዞረ።

ሁለት ቀን ወሬ የለም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአበባ ሰነድ እያጣራ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መልእክቱ የግርማይ ነው።

«ደርሻለሁ። መቃብሯን አየሁት። ብዙ ነው፤ በጽሑፍ አይሆንም።»

እንድሪስ ሰነዱን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። አውሮፕላን ሲነሳ የሚሰማው ጩኸት አልፎ እስኪሄድ ጠበቀ። መልስ መጻፍ ጀመረ፤ ረዘመ፤ አጠፋው። አሳጥሮ ጻፈ፤ እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ የሚመለስበትን ቀን ብቻ ጠየቀው፤ ረቡዕ ነው አለው። እንድሪስ ወደ ፈረቃ አለቃው ሄዶ የረቡዕን ቀን ሙሉ ፈቃድ ጠየቀ።

«ምን ገጠመህ?» አለችው አለቃው።

«እንግዳ እቀበላለሁ» አላት፤ ስንት ሰዓት እንደሚወስድበትም እንደማያውቅ ጨመረ።